የሱቃችን ኢሜይል፣ ስፓም እና ማህተም

ደብረ ማርቆስ ላይ ከእናቴ ጋር ጤፍ፣ ማር፣ ሽሮና በርበሬ እንሸጣለን። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ግን እዚህ አይኖሩም። አዲስ አበባ ናቸው፣ ወይም ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ የሚያዝዙ። «በቴሌግራም አትልክላቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። ለከተማው ሰው በቴሌግራም ነው የምልከው፤ እሱን የሚያህል የለም። ውጭ ያለው ሰው ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ግሩፕ ውስጥ ነው ያለው። የእኔ መልእክት በዜናና በቀልድ መሃል ይጠፋል። ኢሜይሉን ግን ሳያይ አይውልም። ዛሬ ከሩቅ የሚመጣልን ትእዛዝ አብዛኛው ለኢሜይላችን መልስ ሆኖ የሚመጣ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። አድራሻ መሰብሰብ የጀመርሁት ከሚዛኑ አጠገብ ባስቀመጥሁት ደብተር ነው። በእጅ የተጻፈ ኢሜይል ግን ማንበብ ፈተና ነው፤ ዜሮው ከኦ፣ አንዱ ከኤል አይለይም። አሁን ስልኬን እሰጥና ራሳቸው ይጽፉታል። ያልፈቀደልኝን ሰው አልጨምርም። አድራሻ በጅምላ የሚሸጡ አሉ፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም አትርሱ። ለብዙ ሰው በአንዴ ኢሜይል የሚልክላችሁን የመላኪያ አገልግሎት መምረጥም አይከብድም፤ ብዙዎቹ ለትንሽ ሱቅ የሚበቃ ነፃ እርከን አላቸው። ከግርጌ የፖስታ አድራሻ ጻፉ ይሏችኋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ስለሚያስገድድ ነው። የቤት ቁጥር የለንም ብላችሁ አትጨነቁ፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይሠራል።

አሁን ወደ ጉዱ።

መጀመሪያ የምልከው ከተራ ጂሜይል ነበር። በቀን ከ500 ሰው በላይ አያስልክም፤ ለእኛ እሱ ችግር አልነበረም። ችግሩ ስፓም ነው፤ ደብዳቤው ሰው ወደማያየው የቆሻሻ ሳጥን ይገባል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ጎግልና ያሁ የላኪን ማንነት አጥብቀው ማጣራት ጀምረዋል። ስለዚህ የራሳችሁ ዶሜን፣ ማለትም በኢሜይሉ ከ@ በኋላ የሚመጣ የራሳችሁ ስም፣ ያስፈልጋችኋል። በዶሜኑ ዲኤንኤስ (የዶሜኑ መረጃ የሚመዘገብበት መዝገብ) ላይም ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት መስመሮች መግባት አለባቸው። ኤስፒኤፍ በእናንተ ስም እንዲልክ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ይናገራል። ዲኪም ደብዳቤው ላይ የሚያርፍ ፊርማ ነው፤ ዲኤንኤሱ ላይ የሚገባው የፊርማው ማረጋገጫ ቁልፍ ነው። ዲማርክ ደግሞ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። የመላኪያ አገልግሎቱ የሚሰጣችሁን ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ነው፤ የደቂቃዎች ሥራ።

ዶሜኑን የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ነው፤ በብር ስለሚከፈል። የውጭዎቹ የዶላር ካርድ ይጠይቃሉ፣ እኔ ደግሞ የለኝም። ሲሸጡልኝ ያልነገሩኝ ነገር ቢኖር ደንበኛው ዲኤንኤሱን ራሱ እንዲነካ አለመፍቀዳቸውን ነው። ደወልሁ። «ወንድሜ፣ በስልክ አይሆንም፤ በጽሑፍ አመልክት።» ኢሜይል ላክሁ። «ማህተም የለውም።» ለኢሜይል ማህተም! ደብዳቤ ጽፌ፣ የሱቁን ማህተም መትቼ፣ ስካን አድርጌ ላክሁ። «የታደሰ ንግድ ፈቃድ አያይዝ።» አያያዝሁ። ከዚያ ሲስተም የለም። ከዚያ የሚሠራው ልጅ ፊልድ ወጥቷል። ከዚያ ስብሰባ። እናቴ ታዝባ ታዝባ «ለሦስት መስመር እንደ መሬት ካርታ ያስለምናሉ እንዴ?» አለች። በዚህ መሃል ገና አለፈ። የገናው ደብዳቤ ሳይላክ ቀረ።

በስንት ውትወታ «ገብቶልሃል» ተባልሁ። ላክሁ። አሁንም ስፓም። የራሳችሁን ለማየት ጂሜይልን በኮምፒውተር ክፈቱ፣ ከደብዳቤው ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። የትኛው እንዳለፈና የትኛው እንደወደቀ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የእኔ ዲኪም ወድቋል። ኤስፒኤፉንም የመላኪያ አገልግሎቱ አልቀበልም ብሏል።

ዶሜን ሻጮቹ የሠሩት ጥፋት ሁለት ነው። ሻጩ ለራሱ ሰርቨር አስቀድሞ ያስገባው ኤስፒኤፍ ነበር፤ የእኔን ሌላ መስመር አድርገው ጨመሩት። ለአንድ ዶሜን የሚፈቀደው አንድ ኤስፒኤፍ ብቻ ነው። ሁለት ከሆኑ ተቀባዩ ስህተት ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። በአንድ መስመር መዋሃድ ነበረባቸው። የዲኪሙ ቁልፍ ደግሞ ረጅም ነው። ዲኤንኤስ በአንድ ቁራጭ ከ255 ፊደል በላይ አይቀበልም፤ የሚበልጠው ለሁለት ተከፍሎ ይገባል። እነሱ ጫፉ እንደተቆረጠ አስቀምጠውት «ጨርሰናል» አሉ። ይህን ባስረዳቸው መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አዲስ ጥያቄ ስለሆነ አዲስ ደብዳቤ፣ በማህተም።»

ደሜ ፈላ። እስካሁንም ሲነሳ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ስለ መስመሮቹ መለመኑን ተውሁት። በአዲሱ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ኔም ሰርቨሩን፣ ማለትም ዲኤንኤሱ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ክላውድፍሌር ወደሚባለው የውጭ ድርጅት ቀይሩልኝ። ክላውድፍሌር ለዲኤንኤስ ገንዘብ አይጠይቅም። እሱ አንዴ ሲቀየር ዲኤንኤሱ በእጄ ገባ፤ ሦስቱንም ራሴ አስገባኋቸው። ዶሜን የምትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት «ዲኤንኤሱን ራሴ መቀየር እችላለሁ? ኔም ሰርቨሩንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተንተባተቡ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ስለ ይዘቱ፣ ባለሙያ ነን ባዮች ከሚመክሩት ግማሹን አልቀበልም። በየሳምንቱ ላኩ ይላሉ። ጤፍ በየሳምንቱ ምን አዲስ ነገር አለው? እኔ የምልከው ከበዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲልም ስለ ሽሮ፣ ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ስለ ማሩ እልካለሁ። ውጭ ላለ ሰው ቀኑን ማስታወሱ ራሱ ውለታ ነው። የእኛ ፋሲካ ከፈረንጆቹ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወር በላይ ተራርቀው ነበር። አብረቅራቂ ቴምፕሌት (የተዘጋጀ የገጽ ንድፍ) ምረጡም ይላሉ። ተራ ጽሑፍ ይበቃል፣ ቢበዛ አንድ ፎቶ። ጂሜይል ደብዳቤው ከ102 ኪሎባይት ሲያልፍ ጫፉን ቆርጦ ይደብቀዋል። ስንት ሰው ከፈተው የሚለውንም ቁጥር አትመኑት። የሚቆጠረው ደብዳቤው ውስጥ ያለ ፎቶ ሲወርድ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ፎቶውን ሰውየው ሳያየው አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ ያልተከፈተው ተከፈተ ይባላል። እኔ የምቆጥረው መልስ ነው። «ኖ ሪፕላይ» ከሚል፣ መልስ ከማይቀበል አድራሻ ፈጽሞ አትላኩ።

በእንግሊዝኛ ጻፍ ያለኝም ነበር። አልሰማሁትም። የመጀመሪያው ረቂቄ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ድርጅታችን ጥራትን መርሁ በማድረግ» ብሎ ነበር የሚጀምር። ለእናቴ አነበብሁላት። «ይኸ ደግሞ የማን ነው? ጤፉ መግባቱን አትነግራቸውም?» አለች። ሰርዤ እሷ ያለችውን ጻፍሁ፦ «እንደምን ከረማችሁ። ማኛው ገብቷል። ከእነማይ የመጣው ከሌላው ይነጣል። ዋጋው ከታች አለ፤ የኩንታል ነው እንጂ የኪሎ አይደለም።» ከዋሽንግተን አንዲት ደንበኛ «እትዬ፣ ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ መጣ» ብላ መለሰች። ለእናቷም አንድ ኩንታል አዘዘች።

ለእኛ አካባቢ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤውን አስቀድማችሁ ጫኑትና ቀን ቁረጡለት። እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ አገልግሎቱ ከራሱ ሰርቨር ይልከዋል። ሰዓቱን ስትሞሉ ግን ተጠንቀቁ፤ ለጠዋት 3 ሰዓት ብላችሁ 3 ብትሞሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሄዳል። ኔትወርክ ጠፍቶ መልስ መስጠት ቢያቅታችሁ ሰው እንዲደውል ስልክ ቁጥራችሁን ከላይ አድርጉት። የሚደርስበትን ቀን ደግሞ ቃል አትግቡ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። እኛ «መኪናው ዓባይን ሲሻገር እንደውላለን» ብለን ነው የምንጽፈው።