ሬትሮው ላይ ሰው ሲናገር

ስክረም፣ ማለትም ቡድን ሥራውን በአጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ የሚሠራበት ዘዴ፣ ውስጥ ካሉት ስብሰባዎች አንዱን ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ተው ብባል ሬትሮስፔክቲቩን፣ በአጭሩ ሬትሮውን፣ ነው የምይዘው፤ በዙሩ መጨረሻ ቡድኑ አሠራሩን ራሱ የሚመረምርበት ስብሰባ ነው። ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ ከአንድ ቡድን ጋር ከዋልኩ በኋላ ደግሞ ይበልጥ አመንኩበት። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ቡድኑ ሶፍትዌር ይሠራል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ብዙም አልቆዩም። ስክረም እንሠራለን ብለው ነው የጠሩኝ፤ እውነትም ጠዋት ጠዋት ቆመው ይነጋገራሉ፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጥፈዋል፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የሠሩትን በዴሞ ያሳያሉ። ግን ሥራው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጨናነቃል፣ ደንበኛው እጅ ሲገባ ደግሞ ችግር ይወጣበታል። ለምን ስላቸው መልሱ አንድ ነው፤ መብራት ነው፣ ኔትወርክ ነው። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው። እሱ ብቻ እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል።

ጠዋት ዴይሊው፣ የየቀኑ አጭር ስብሰባቸው፣ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ሁሉም የሚያወራው ወደ ማናጀሩ ዞሮ ነው። ትናንት ይህን ሠራሁ፣ ዛሬ ይህን እሠራለሁ፣ ችግር የለም። ጓደኛው የሚለውን የሚሰማ የለም፣ ሁሉም የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው። ይህ ሪፖርት ነው እንጂ ዴይሊ ስክረም አይደለም። ያ 15 ደቂቃ የተሰጠው ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ወደ ስፕሪንቱ (የሁለት ሳምንቱ ዙር) ግብ ለመድረስ የዛሬውን ሥራ እንዲያስተካክሉበት ነው። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን እንቅፋት አለ የሚሉት የታወቁት ሦስት ጥያቄዎች እንኳን እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የስክረም ጋይድ፣ ማለትም የስክረም መመሪያ፣ ውስጥ የሉም። ብዙ ቦታ ግን እስካሁን እንደ ግዴታ ይጠየቃሉ።

ብዙ ቡድን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ከሥራ መከታተያ ሶፍትዌሮች ጂራ ይሻላል ወይስ ትሬሎ የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ተሰብስበው ስክረም የሚመደብበትን የአጃይል አሠራር መግለጫ የጻፉት 17 ሰዎች ከመሣሪያና ከአሠራር ሂደት በፊት ሰውንና የሰውን ግንኙነት ያስቀደሙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሰው ካልተናገረ ጂራው ላይ የሚጻፈውም እውነቱ አይደለም።

ለምን አይናገርም? እኛ ጋ ስብሰባ ላይ ጉድለት ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ግምገማ ነው። ስም ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የተባለው ነገር ነገ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ላይ ሊመጣ ይችላል። ይህን እያየ የኖረ ሰው አለቃው ፊት "ምን ያልሄደ ነገር አለ?" ሲባል "ሁሉም ጥሩ ነው" ቢል አይፈረድበትም። ይሉኝታም አለ፤ አብሮት ምሳ የሚበላውን ልጅ በሰው ፊት እንዴት አድርጎ ያነሳዋል? ኤሚ ኤድመንሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ ከሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ሪፖርት ሲደረግ አገኘች። ነገሩ ሲጣራ እነሱ የበለጠ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚነጋገሩበት ነበር። ይህን ለማናጀሮች ሁሉ መንገር እወዳለሁ።

ስለዚህ ዛሬ መጀመሪያ ያናገርኩት ማናጀሩን ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልጆቹን ይወዷቸዋል።

"ጋሼ፣ የዛሬው ሬትሮ ላይ ባይገቡስ?"

"እኔ ከሌለሁ ማን ይመራዋል?"

"እኔ አለሁ። የወሰኑትን ራሳቸው መጥተው ይነግሩዎታል። ማን ምን እንዳለ ብቻ አይጠይቋቸው።"

ትንሽ አሰቡና "እሺ ልጄ፣ እንየው" አሉ። ቀላል ነገር አይደለም፤ ስብሰባ መምራት ለብዙ ኃላፊ ሥራው ራሱ ነው፣ ከዚያ ላይ ተነሱ መባል ያስከፋል። አክብሬያቸዋለሁ። በስክረም ጋይዱም ቢሆን ሬትሮ የስክረም ቲሙ ነው፤ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ፕሮዳክት ኦነር፣ በአሠራሩ የሚያግዘው ስክረም ማስተርና ሥራውን የሚሠሩት ዴቨሎፐሮች ማለት ነው።

ቡና አስመጣንና ሁሉም ዝም ብሎ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። ስም የለም። ዝምተኛ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት እጁ ቢፈታ ይቀለዋል። ወረቀቶቹን ለጥፈን ተመሳሳዩን አንድ ላይ ስንሰበስብ "ፍተሻ ጊዜ የለውም" የሚል ብዙ ቦታ ወጣ። ያኔ ቴስተሯ ተናገረች።

"ሥራው እኔ ጋ የሚደርሰው ሐሙስ ማታ ነው። ዓርብ ዴሞ ነው። መቼ ልፈትሸው?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ዴቨሎፐር፣ ጠዋት ችግር የለም ያለው ልጅ፣ "እኛም እኮ ሦስት አራት ሥራ አንድ ላይ የምንይዘው ሥራ ፈታችሁ እንዳንባል ብለን ነው" አለ።

በቃ፣ ነገሩ እሱ ነበር። ሁላችንም ሰሌዳውን ዞረን አየነው። "በሥራ ላይ" የሚለው ረድፍ ሞልቶ ፈሷል፣ "በፍተሻ ላይ" ባዶ ነው። ሁሉም ነገር ተጀምሯል፣ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ሪፖርት ላይ 95 በመቶ ተብሎ የሚጻፈው እንደዚህ ያለው ነው፤ ደንበኛው ግን የቀረችውን 5 በመቶ ነው የሚጠብቀው።

ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ በቡድኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአራት ሥራ በላይ አይጀመርም፤ እጁ ባዶ የሆነ ሰው አዲስ ከመጀመር ይልቅ የተጀመረውን በመፈተሽ ያግዛል። ሁለተኛ፣ "አለቀ" የሚባለው ተፈትሾ ሲያልፍ ብቻ ነው። ሌላም ብዙ ሐሳብ ነበር፣ እኔ ነኝ በሁለት ይብቃ ያልኩት። አሥር ነገር ተወስኖ አንዱም ያልተሠራበት ሬትሮ ሰውን ሁለተኛ እንዳይናገር ያደርገዋል።

እዚህ አገር ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ስንቱ ፋብሪካ የካይዘን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል፣ ሰሌዳ ሰቅሏል። ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ችግሩን ከአለቃው በፊት ያያል የሚለው እምነት እዚያም አለ። በጥቂቱ መጀመር፣ የተጀመረውን መጨረስም ከቶዮታ ካንባን፣ የሥራ ፍሰትን በካርድ ከሚቆጣጠረው ዘዴ፣ የመጣ ነው። ሰሌዳውን መስቀል አላቃተንም፣ ያቃተን ሠራተኛው የሚለውን መስማት ነው።

በመጨረሻ ማናጀሩ ገቡና የነገረቻቸው ራሷ ቴስተሯ ናት። አዳመጧት። "ታዲያ አራቱ ከተያዙ ሌሎቹ ልጆች ሥራ ፈትተው ሊቀመጡ ነው?" አሉ። እኔ ልመልስ ስል ያ ዴቨሎፐር ቀደመኝ፤ "ጋሼ፣ አንቀመጥም፣ ፍተሻው ላይ እናግዛታለን።" እሳቸውም "እስቲ አንድ ስፕሪንት ሞክሩት" አሉ። ፖይንት (ቡድኑ ለሥራው መጠን የሚሰጠው ግምት) ከፍ ብሏል ዝቅ ብሏል ብለው እንዳይጠይቁ ለብቻቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ ፖይንት የሰው መለኪያ የሆነ ቀን ግምቱ ማበጥ ይጀምራል።

የሚቀጥለው ስፕሪንት ሥራ የሚታቀድበት ፕላኒንግ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በሚመጣው ስፕሪንት ውስጥ የሲዳማ አዲስ ዓመት ፊቼ ጨምበላላ አለ፤ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ የሚሄድ አለ፣ ገጠር ቤተሰብ ጋ የሚሄድ አለ፣ ስለዚህ ሥራውን ቀነስ አድርገው እንዲይዙ ተነጋግረናል። ቴስተሯ ደግሞ አንድ ነገር ጠየቀች፤ መጀመሪያ የሚያዘው ትንሹ ሥራ ይሁንና ማክሰኞ እጄ ይግባ አለች። ፕሮዳክት ኦነሩ እዚያው የሥራ ዝርዝሩን ከፍቶ የትኛው እንደሆነ መፈለግ ጀመረ።