ለዘይት «አይዞህ» ያለው ሰውዬ እኔ ነኝ

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁንም ፊቴን ስታጠብ ትዝ ይለኛል። እንጀራ ስቆርስ ትዝ ይለኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን እልና ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ራሴን እረግማለሁ። ባለቤቴ «አሁንም እሱ ነው?» ትለኛለች። «ኧረ ሙቀቱ ነው» እላታለሁ። የምንኖረው ደሴ ነው። ምን ሙቀት አለና?

መኪናዬ የ1992 ሞዴል ሃይሉክስ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ታዲያ፤ በእኛ ቢሆንማ ገና ልጅ ነበረች። አጎቴ ሲሞቱ ሌላው ዘመድ መሬቱን ተካፈለ፣ ለእኔ እሷ ደረሰችኝ። ያኔ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር።

መሪዋ ማጉረምረም ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ጠዋት አስነስቼ ትንሽ ሳዞራት «እእእህ» ትላለች፤ ጉልበቷን ይዛ እንደምትነሳ አሮጊት። አንድ ሜካኒክ አየልኝና «የመሪ ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ አርጅቷል፣ ሳይፈነዳ ቀይረው» አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ዘይት ገዛሁ። በየሳምንቱ እየከፈትኩ ሞላሁ። እሷም በየሳምንቱ አፈሰሰችው። ባለቤቴ አንድ ቀን መኪናዋ የምታድርበትን ቦታ አይታ «እዚህ ጋ ዶሮ ማን አረደ?» አለች።

ዘይቱ ቀይ ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነው ያ ቀዩ ዘይት ነው መሪዋ ውስጥ የሚገባው። ቢጫ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሰኞ ገበያን ሰኞ ዕለት በመኪና ልለፍ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚደርስበትን ሁሉ ፈልጎት ነው። እኔ የአማቴን ጤፍ ልጭን ነበር የሄድኩት። መንገዱ ሲጠበኝ ልዙር አልኩ። ከኋላዬ ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል። ከፊቴ አንድ ሰውዬ በጎች ይነዳል። በቆምኩበት መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዝኩና እዚያው ይዤው ቀረሁ፣ በጎቹ እስኪያልፉ። መሪ ጥግ ላይ ሲያዝ ፓምፑ ዘይቱን መግፋት አያቆምም፤ ዘይቱ ግን መሄጃ የለውም። ያረጀ ቱቦ ቀኑን የሚመርጠው ያኔ ነው። ይሄን አሁን አውቃለሁ።

«ጧ!» አለ። ቀጥሎ «ጭስስስስ»። መሪው እጄ ላይ ድንጋይ ሆነ። ዘይቱ የጋለ ብረት ላይ ስለተረጨ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ተነሳ። ወዲያው አንዲት ሴት «ገጨው! ገጨው!» ብላ ጮኸች። ማንን ብሎ የጠየቀ የለም። አንዷ «ያ ረቢ!» ስትል ሌላዋ «በስመ አብ!» አለች። ወሎ ነው፣ ድንጋጤያችን ሙሉ ነው።

ዘልዬ ወረድኩ። ከመኪናዋ ሥር ቀይ ነገር ይፈሳል። ደሴ ደግሞ ሜዳ የለም፤ ፈሳሹ ባለበት ረግቶ አልጠበቀኝም፣ በድንጋዩ መሃል ለመሃል ቁልቁል ወረደ። ያን ያህል ቀይ ነገር አይቼ አላውቅም። እኔ! በየሳምንቱ በገዛ እጄ የምቀዳውን ዘይት!

ተንበረከክኩ። በደረቴ ተኛሁ። እጄን ወደ ሥር ሰደድኩ። ሙቅ ነገር ነካኝ።

«አይዞህ!» አልኩ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አሁን እናወጣሃለን!»

ሰኞ ገበያ እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። የባጃጁ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጣቱን ነከረ። አሸተተ። ከዚያ ሐዘንተኛ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብራዘር፣ ዘይት ነው» አለኝ።

ከዝምታው መሃል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ወደ ሥር አዩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «መለሰልህ?»

በቃ። ገበያው ፈረሰ። ቃሪያ የምትሸጠዋ ሴትዮ ቃሪያዋ ላይ ተቀመጠች። ያልሳቀው ባለ በጉ ብቻ ነው። እሱ በጎቹን ይቆጥራል። ዘጠኝ። እንደገና ቆጠረ። ዘጠኝ። «ስንት ነበሩ?» አልኩት። «ዘጠኝ» አለ፣ ቅር እያለው። አንድ ቢጎድልለት ከገበያው ይልቅ እኔ ሳልሻለው አልቀርም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከመኪናው ሥር እውነት ሰው ቢኖርስ? ያ ሁሉ ሕዝብ ከመጮህ በቀር ምን አደረገ? እጁን የሰደደ ማን ነው? እኔ ነኝ። ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ጀግና ነበርኩ። ይሄን የሚያነሳልኝ አንድም የለም።

ከዚያማ ሁሉም ሜካኒክ ሆነ። አንዱ ውሃ ጨምርበት አለ። አንዱ በፌስታል እሰረው አለ። ደህና ነገር የተናገረው የባጃጁ ልጅ ነው፤ ፓምፑ ያለ ዘይት ሲዞር ራሱን ይበላል ብሎ ቺንጊያውን ፈታልኝ። መሪው ያለ ዘይትም ይዞራል። አዙሪው ግን ትከሻ ያስፈልገዋል። ጋራዥ እስክደርስ ሁለት እጄ ዝሎ፣ በደረቴ ነበር የምነዳው ብል ይቀለኛል።

ጋራዥ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እንዴት ቀደመኝ፣ በምን መኪና ሄደ፣ እስካሁን አልገባኝም። ከልጆቹ አንዱ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል ሌላው «ቀስ በል፣ ኮፈን ነው ከፈን?» አለው። ሳቁ። ያ ሁሉ ሳቅ እያለ ሥራው ምን ሠራ? የፈነዳውን ቦታ ቆርጠው አወጡና የነዳጅ ጎማ ሰክተው በሁለት ማጥበቂያ ብረት አሰሩት። «ለጊዜው ይይዛል» አሉኝ። 900 ብር ከፈልኩ። እነሱ «ለጊዜው» ያሉት ጊዜ ከጋራዡ በር እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ነው። እንደገና «ጧ!» አለ። በዚህኛው ዝም አልኩ። ዘይቱም ዝም አለ።

የ900 ብሩ ነገር ከ«አይዞህ» በላይ ያቃጥለኛል ብል ዋሽቻለሁ፣ ግን ተቀራራቢ ነው። የጎማችሁ ነፋስ 35 ገደማ ነው አይደል? በዚያው መለኪያ መሪው ጥግ ሲመታ ይሄ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ያልፋል። በነዳጅ ጎማ ያንን መያዝ ኮርማን በነጠላ ጥለት እንደማሰር ነው። እኔ ባላውቅ አይገርምም። ሜካኒኩስ?

ሁለተኛው ሜካኒክ፣ ከደህናዎቹ ነው፣ ቱቦውን ፈትቶ ሰጠኝና «ኮምቦልቻ ወስደህ አስጨምቀው» አለኝ። ያኔ በደንብ አየሁት። ጎማው እንደ እረኛ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ተቆርጦ በወጣው ቁራጭ ላይ የፈነዳበት ቦታ ግን ከጥፍሬ አይበልጥም። ይሄ ሁሉ ጉድ የወጣው ከዚያች ነው። በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል። ጃኬት ለብሰህ ትሳፈራለህ፣ ጃኬት ተሸክመህ ትወርዳለህ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ሹፌሩ ድንገት ጥምዝ አደረገና ሁላችንም በአንድ ወገን ተደረብን። መንገዱ መሃል ድንጋይ ነው። የተበላሸ የጭነት መኪና ከጎማው ሥር ሸጉጦት የነበረ ድንጋይ። መኪናው ተሠርቶ ሄዷል፣ ድንጋዩ ቀርቷል። እኔን የማይገባኝ ይሄ ነው። ድንጋዩን ከየትም ፈልጎ፣ ተሸክሞ አምጥቶ፣ አስተካክሎ የሚሸጉጥ ሰው ሲነሳ በእግሩ ገፋ ማድረግ እንዴት ያቅተዋል? ቅጠሉንም እንዲሁ ጥለውት ይሄዳሉ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም፤ ድንጋዩን ግን በጎማህ ታየዋለህ። ልሳደብ አፌን ስከፍት ሰኞ ገበያ ላይ እኔም የሸጎጥኩት ድንጋይ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ። (ማታ ሄጄ አነሳሁት። ሰው ሳያየኝ።)

ይኸው ከድንጋዩ ወሬ ተነስቶ ስለ መኪና ብልሽት ተጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ እኔ ዞረና «ሰኞ ገበያ የሆነውን ሰምተሃል?» አለኝ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

ነገረኝ። የራሴን ታሪክ። እንደ እሱ አነጋገር ከመኪናው የወረደው ሰውዬ ዘይቱን አቅፎ አልቅሷል። ጋቢውን ቀድዶ ሊያስርለት ሞክሯል። እኔ ጋቢ አልለበስኩም ነበር። «አምቡላንስ ጥሩ» ብሎ ጮኋል። ከኋላ ያለች ሴት «እኔ የሰማሁት ሸሃዳ አስብሎታል ነው» አለች። ሹፌሩ በመስታወት እያየን «የለም፣ አብሽር ነው ያለው» አለ። ሰውዬው ተቆጣ። «አይዞህ ነው! የነበረ ሰው ነው የነገረኝ!» ክርክሩ ጦፈ። አብሽር ነው፣ አይዞህ ነው። አንዲት ተማሪ ደግሞ ቀስ ብላ «ቆይ፣ ለምን አይዞሽ አላለም? ወንድ መሆኑን በምን አወቀ?» አለች። ሚኒባሱ በሙሉ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ እኔም አሰብኩበት። መኪናዋን ሁልጊዜ «እሷ» እላታለሁ። ዘይቱን ምን ቆርጦኝ ወንድ አደረግኩት?

ሁሉም ሲስቁ እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። «እንዴት ያለ ቂል ነው!» ሁሉ ብያለሁ።

በዚህ መሃል ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው። በላዩ ላይ ቀይ ጠብታ አለ። ሌላ ጠብታ ወረደ። ዓይኑን ከጫማው ወደ ፌስታሌ አነሳ። ከፌስታሌ ወደ ፊቴ።

«ሥጋ ነው?» አለኝ።

«አዎ» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ሥጋ ነው ብል ጫማውን አጥቤለት እገላገል ነበር። እኔ ግን ሰው ሲያፋጥጠኝ እውነት ያመልጠኛል፤ «የመሪ ቱቦ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ማንም አልተናገረም። ትከሻዎች ብቻ ይንቀጠቀጣሉ። ስወርድ ሹፌሩ «ሂሳብ ተወው ጋሼ» አለኝ። ይሄ ነው ከሁሉም የጎዳኝ።

ኮምቦልቻ ከጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች የሚያርፉባት ስለሆነች የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚጨምቅ አይጠፋም። ልጁ ሁለቱን የጫፍ ብረቶች ከአሮጌው ላይ ቆርጦ አወጣ። ውስጡ የሽቦ መረብ ያለበት ወፍራም ጎማ ለካ፣ ቆረጠ፣ አዲስ ቀለበት አልብሶ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። «እምምም» አለ ማሽኑ። አለቀ። ያዘዝኩት ቡና ገና አልበረደም። እኔ ስንት ወር ዘይት የቀዳሁት ለዚህ ነው።

ሲገጠም አጠገቡ ቆምኩ። አሮጌዎቹን የመዳብ ሮንዴላዎች ጠራርጌ ላቀብል ብል ሜካኒኩ በዓይኑ መለሰኝ፤ አንዴ ከተጨፈለቁ ሁለተኛ አያሽጉም። አዲስ አመጣሁ። ፊቷን በክሪክ አነሷት። ሞተር ሳይነሳ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያልኩ እንዳዞር ታዘዝኩ። አየሩ መውጣት አለበት። ዘይቱ መያዣው ውስጥ እንደ ቢራ አረፋ ደፈቀ፣ ጎደለ፣ ጨመሩበት፣ እንደገና ደፈቀ። በኋላ ሞተር ተነስቶ ያንኑ ደገምን። ተለማማጁ ልጅ አንገቱን አስግጎ እያየ «ጋሼ፣ ጥግ ላይ አይያዙት!» ይለኛል። እንዴት እይዘዋለሁ? ከእንግዲህ ጥግ የሚባል ነገር አልወድም።

አረፋው ጠፋ። ዘይቱ ጠራ። መሪው በአንድ ጣት ዞረ። ሜካኒኩ ኮፈኑን ከደነና መታ መታ አድርጎ «አብሽር» አለ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አልጠየቅኩም።

በማግሥቱ ጠዋት በሸሚዝ ወጣሁ። ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፌ ነበር። ተንበረከክኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካርቶኑ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም። ደስ ብሎኝ ገና ከመሬት ሳልነሳ ከአጥሩ በላይ የጎረቤቴ ድምፅ መጣ።

«ተሻለው?»