ለዜግነት ፈተና የአሜሪካን አመሠራረት ታሪክ ያጠናሁበት መንገድ

ማመልከቻውን በኦንላይን መሙላት፣ ክፍያውን መክፈል፣ አሻራ መስጠት፣ የቀጠሮ ደብዳቤ መጠበቅ፤ ይህን ሁሉ መመሪያውን በርጋታ ያነበበ ሰው ይወጣዋል። የእንግሊዝኛው ንባብና ጽሕፈትም ብዙ አያስፈራም፤ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ ይበቃል። ሰው የሚንገዳገደው ታሪኩና የመንግሥቱ አወቃቀር ላይ ነው፤ በተለይ ከ1776 እስከ 1791 ባሉት 15 ዓመታት። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ክፍል የሚሰጥበት መንገድ ነው። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

መጀመሪያ የትኛው ፈተና እንደሚመለከታችሁ አረጋግጡ። ማመልከቻው ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 በፊት ከገባ የቀድሞው ነው፤ ከ100 ጥያቄዎች 10 ይጠየቃል፣ ማለፊያው 6። በዚያ ቀን ወይም ከዚያ ወዲህ ከገባ ደግሞ ጥያቄዎቹ 128 ናቸው፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ ማለፊያው 12። ፈታኙ 12 ትክክል ሲሞላ ያቆማል፣ 9 ከተሳተም እዚያው ያቆማል። የሚቆጠረው ማመልከቻው የገባበት ቀን እንጂ የኢንተርቪው ቀን አይደለም። የሄድኩበት ማሰልጠኛ ግን በአዲሱ ለሚፈተን ሰው ሁሉ የ100ውን ወረቀት ያድል ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በድሮው ከ13ቱ የመጀመሪያ ስቴቶች ሦስቱን መጥራት ይበቃ ነበር፣ በአዲሱ አምስት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሐበሻ የሚኖርባቸውን ስቴቶች ያዙ፦ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ማሳቹሴትስ። አምስቱም ከ13ቱ ናቸው። ቴክሳስ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ አይደሉም። ዲሲ ደግሞ ስቴት እንኳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማሰልጠኛው የሚያስተምረው በቁጥር ነው፦ ጥያቄ 1፣ መልሱ ይህ፤ ጥያቄ 2፣ መልሱ ያ። የቄስ ተማሪ ግእዙን ትርጉሙን ሳያውቅ እንደሚወጣው ማለት ነው፤ እዚያ እንኳ ከንባቡ በኋላ ትርጓሜ ይመጣል፣ እዚህ ንባቡ ላይ ያበቃል። አዲሱ የመንግሥት የጥያቄ ዝርዝርም አያግዝም። ከሕገ መንግሥቱ መሠረተ ሐሳቦች ይጀምርና የቅኝ ግዛቱን ዘመንና የነጻነቱን ጦርነት ከ70ኛው ጥያቄ በኋላ ያመጣል። ምን ተበላሽቶ እንደነበር ሳታውቁ ጥገናውን ታጠናላችሁ። በዚህ ምክንያት የነጻነት አዋጁ፣ የኮንፌዴሬሽኑ አንቀጾች፣ ሕገ መንግሥቱና የመብቶች ድንጋጌው (የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ 10 ማሻሻያዎች) አራቱም ይደባለቃሉ። እኔ ዝርዝሩን ትቼ በዘመን ቅደም ተከተል አጠናሁት፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

መነሻው ግብር ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው ጦርነት በ1763 ሲያበቃ ዕዳ ውስጥ ገብታ ነበር። በ1765 በጋዜጣና በውል ወረቀት ሳይቀር የቴምብር ቀረጥ ጣለች፤ ቅኝ ግዛቶቹ ግን በፓርላማዋ አንድም ወኪል አልነበራቸውም። ዲሴምበር 16 ቀን 1773 በቦስተን ወደብ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ኤፕሪል 1775 ሌክሲንግተንና ኮንኮርድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ኮንግረሱ፣ ማለትም የቅኝ ግዛቶቹ ወኪሎች ጉባኤ፣ ለነጻነት ድምፅ የሰጠው ጁላይ 2 ቀን 1776 ሲሆን ቶማስ ጀፈርሰን ያረቀቀውን አዋጅ ያጸደቀው ጁላይ 4 ነው። ለፈተናው ጁላይ 4 በሉ። አዋጁ ለምን እንደተለያዩ ይናገራል እንጂ መንግሥት አያቋቁምም። ይህን ከያዛችሁ «ሕይወት፣ ነጻነትና ደስታን መሻት» የሚለው ከአዋጁ፣ «እኛ ሕዝቡ» የሚለው ከሕገ መንግሥቱ መሆኑ አይጠፋችሁም።

ቀጥሎ ያለውን ነው ማሰልጠኛዎች የሚዘሉት፤ ለእኔ ግን የሁሉም ቁልፍ እርሱ ነው። የመጀመሪያው መንግሥት የቆመው በኮንፌዴሬሽኑ አንቀጾች ነበር፤ ሰነዱ በማርች 1781 ሥራ ላይ ዋለ። ኮንግረሱ ግብር መጣል አይችልም፤ ስቴቶቹን ገንዘብ ይለምናል፣ የፈለገ ይሰጣል። ፕሬዚዳንት የለም፣ ብሔራዊ ፍርድ ቤት የለም። ትልልቅ ውሳኔ የ9 ስቴት ድምፅ ይፈልጋል፤ አንቀጾቹን ለማሻሻል 13ቱም መስማማት አለባቸው። የጦርነቱን ዕዳ ለመክፈል 5 በመቶ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ሲታሰብ ትንሿ ሮድ አይላንድ በ1782 እምቢ አለች፤ ሐሳቡ በዚያው ቀረ።

በ1786 በምዕራብ ማሳቹሴትስ ዕዳና ግብር ያስጨነቃቸው ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ የነጻነት ጦርነቱ ወታደሮች የነበሩ፣ መሬታቸው እንዳይሸጥባቸው ፍርድ ቤቶችን መዝጋት ጀመሩ። በዳንኤል ሼይስ የሚመራው ኃይል ጃንዋሪ 1787 ወደ ስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ዘመተ። ኮንግረሱ የሚያዘምተው ጦር አልነበረውም። ዓመፁን የበተነው የማሳቹሴትስ ጦር ስንቅና ደመወዝ ከቦስተን ነጋዴዎች የግል ኪስ ነው የመጣው። በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ይህ በዓይናቸው ፊት ነበር።

ከዚህ በኋላ ሕገ መንግሥቱ በራሱ ይገባል። ግብር የመጣል ሥልጣን ለኮንግረሱ ተሰጠ። አስፈጻሚ ስላልነበረ ፕሬዚዳንት መጣ። ዳኛ ስላልነበረ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጣ። አንድ ስቴት ሁሉን እንዳያግድ ማሻሻያ በስቴቶቹ ሦስት አራተኛ እንዲጸድቅ ሆነ።

ጉባኤው ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ተቀመጠ። ከ12 ስቴቶች 55 ልዑካን መጡ፣ 39 ፈረሙ፤ ሮድ አይላንድ ሰው አልላከችም። ሰብሳቢው ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር። ዓመቱን ለመያዝ ለእኛ የተመቸ ነገር አለ፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር የ1987 ነው፣ የነሱ 1787። ትልቁ ጠብ የውክልና ነበር። ትልልቆቹ ስቴቶች በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ፣ ትንንሾቹ እኩል ይሁን አሉ። ጁላይ 16 ላይ ለሁለት ተከፈለ፦ በተወካዮች ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ በሴኔት ለእያንዳንዱ ስቴት ሁለት። የዛሬው 435 እና 100 ከዚያ የመጣ ነው።

በዚያው አዳራሽ ባሪያ የተደረገ ሰው ለውክልና ቆጠራ ሦስት አምስተኛ እንዲሆን ተስማሙ፤ የባሪያ ንግዱም እስከ 1808 እንዳይከለከል ተደረገ። የማሰልጠኛው ወረቀት ይህን አንድ መስመር አላነሳውም። ይህ ከተዘለለ የእርስ በርስ ጦርነቱና ባርነትን የሻረው የ13ኛው ማሻሻያ ጥያቄዎች ከሰማይ የወረዱ ይመስላሉ።

ያው ወረቀት ጀፈርሰንን የሕገ መንግሥቱም ጸሐፊ አድርጎታል። ጀፈርሰን ያኔ ፓሪስ ነበር፣ ጆን አዳምስም ለንደን። የሕገ መንግሥቱ አባት የሚባለው ጄምስ ማዲሰን ነው። ሰው ገንዘቡንና ማታውን ሰጥቶ ሲመጣ እንዲህ ያለ ስሕተት ማደል ግድ የለሽነት ነው።

እኛን ብቻ የሚያሳስት ሌላም አለ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሕግ አያወጣም። ሴኔትን በዚያ ዓይን ያየ ይሳሳታል። እዚህ ሴኔት ሕግ ያወጣል፣ የሚተረጉሙት ዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው።

ለመብቶች ድንጋጌው ዲሲ አካባቢ ካላችሁ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን እዩት፤ መግቢያው ነጻ ነው። አዋጁ ደብዝዟል፣ ፊርማዎቹ በጭንቅ ይታያሉ። ሕገ መንግሥቱ አራት የብራና ገጽ ነው። የመብቶች ድንጋጌው ላይ ደግሞ 10 ሳይሆን 12 አንቀጾች ታገኛላችሁ። ኮንግረሱ 12 ላከ፣ በዲሴምበር 1791 የጸደቁት 10 ናቸው። ዛሬ የመጀመሪያ ማሻሻያ የምንለው እዚያ ሦስተኛው ነው፤ እዚያ ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈው ቆይቶ በ1992 ጸደቀና 27ኛው ሆነ። የማሻሻያዎቹ ቁጥር 27 መሆኑን ይህን ያየ ሰው አይረሳውም።

ፈተናውን የሚሰጠው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በዝርዝሩ ላይ ያሉትን መልሶች እንድትጠቀሙ ይመክራል። የኔ ምክር ትንሽ ይለያል፦ ነገሩን ከነምክንያቱ እወቁት፣ ከዝርዝሩ ሁለት መልስ ያዙ፣ አጭሩን ተናገሩና ዝም በሉ። ማብራሪያ ስትጨምሩ ትክክለኛውን መልስ ታበላሹታላችሁ።

ስለ እናቶችና አባቶች። 50 ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት የኖሩ ከእንግሊዝኛው ነጻ ናቸው፤ ታሪኩን በአማርኛ ይፈተናሉ። 65 ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩት ደግሞ ኮከብ ካለባቸው 20 ጥያቄዎች 10 ይጠየቃሉ፣ ማለፊያው 6። አስተርጓሚውን ከቀጠሮው በፊት ከእሳቸው ጋር አስቀምጣችሁ የአራቱን ሰነዶች ስም አንድ በአንድ አስማሟቸው። አስተርጓሚው የነጻነት አዋጁን «ሕገ መንግሥት» ብሎ ካስተላለፈ፣ ፈታኙ የሚጽፈው እማማ ተሳሳቱ ብሎ ነው።