ለክሌይ ተኩስ ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሲገዛ

ጎን ለጎን በርሜል ያለው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ አመጣጡ ለወፍ አደን ነው። አዳኝ ጠመንጃውን ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ይዞራል እንጂ የሚተኩሰው ጥቂት ነው፤ ሠሪዎቹም ክብደቱን ለመቀነስ ሲጣጣሩ ኖረዋል። የክሌይ ተኳሽ፣ ማለትም በአየር ላይ የሚወረወር ዲስክ የሚመታ ሰው፣ ጉዳይ ሌላ ነው። ስኪት፣ ትራፕና ስፖርቲንግ ክሌይ የዚህ ተኩስ ዓይነቶች ናቸው፤ አንድ ዙር ስኪት ወይም ትራፕ 25 ጥይት ይበላል፤ አንድ ዙር ስፖርቲንግ ክሌይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 100። ሱቅ ውስጥ ላባ መስሎ ልብ የሰረቀ ጠመንጃ ከሃምሳኛው ጥይት በኋላ ጉንጭና ትከሻ ይደበድባል። ከኢላማው ጋር እያስኬዱት ሳለም በቀላሉ እጅ ላይ ስለሚቆም ተኩሱ ከኢላማው ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ ዋጋው ይቅለል ከተባለ መጀመሪያ የሚቀነሰው ቅርጻ ቅርጹ፣ የእንጨቱ ውበትና ለስም የሚከፈለው ነው። በክብደቱ፣ በሰደፉ ልክና በሁለቱ በርሜሎች ስምምነት (ሁለቱም አንድ ቦታ መምታታቸው) ላይ ግን ድርድር የለም።

ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል) ሆኖ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ (7 ፓውንድ) የሚመዝን ጥሩ መነሻ ነው። ትንሽ ቢከብድም አይከፋም። ከ2 ኪሎ ከ900 በታች ከሆነ የአደን ጠመንጃ ነውና ለአዳኝ ይተውለት። በርሜሉ 28 ወይም 30 ኢንች ይሁን። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ትከሻን ይመታል፤ ብዙ ሰው «20 ጌጅ ምቱ ይቀላል» ብሎ ወደዚያ ያዘነብላል፤ ሂሳቡ ግን እንደዚያ አይደለም። ምቱን የሚወስነው የሚወጣው እርሳስና ባሩድ ክብደት፣ ፍጥነቱና የጠመንጃው ክብደት ነው። 24 ግራም እርሳስ ያለው ጥይት ከቀላሉ 20 ጌጅ ሲተኮስ፣ ያው 24 ግራም በተመሳሳይ ፍጥነት ከከባዱ 12 ጌጅ ከተተኮሰው የበለጠ ይመታል። ምት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከባድ 12 ጌጅ ግዙና 24 ግራም (7/8 አውንስ) ወይም 28 ግራም (1 አውንስ) አጉርሱት። ለክሌይ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ልኩ። ሾትጋን፣ ማለትም እንዲህ ያለ የእርሳስ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ፣ የኋላ መመልከቻ የለውም፤ የኋላ መመልከቻው የተኳሹ ዓይን ነው። ዓይን ከበርሜሉ ጫፍ የሚርቀው አንድ ሜትር ያህል ነው። ሰደፉ ዓይናችሁን ከሚገባው በላይ 3 ሚሊ ሜትር ካነሣው፣ 30 ሜትር ላይ ጥይቱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይሄዳል። የክሌይ ዲስኩ ራሱ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ውድ ጠመንጃ ልኩ ካልሆነ፣ ልኩ በሆነ ርካሽ ጠመንጃ ይበለጣል።

ልኩን ለማወቅ ባዶነቱን አረጋግጡና ጠመንጃውን ገልብጣችሁ፣ በሁለቱ በርሜሎች መካከል የሚሄደው ዘንግ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ፍሬ ደግሞ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፋ እንድትንጠለጠል አድርጉ። ከጠረጴዛው እስከ ሰደፉ ጉንጭ ማሳረፊያ መነሻ ለኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከጠረጴዛው እስከ ሰደፉ ተረከዝ። የዘመኑ ጠመንጃ የመጀመሪያው ልክ 38 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ከ57 እስከ 64 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የአሜሪካ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ተረከዛቸው ላይ 76 ሚሊ ሜትር ይወርዳሉ። እንዲህ ያለው ሰደፍ ጭንቅላት ቀና አድርጎ ለሚተኩስ ሰው የተቀረጸ ነው፤ ዛሬ ጉንጩን አስደግፎ የሚተኩስ ሰው ሲይዘው ዓይኑ ከበርሜሉ በታች ይወድቃል፣ ሲተኩስም ጉንጩን ይመታዋል። ርዝመቱ የሚለካው ከፊተኛው ምላጭ እስከ ሰደፉ መጨረሻ መሃል ነው። መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው 36 እስከ 37.5 ሴንቲ ሜትር ይስማማል፤ ክረምት ላይ ወፍራም ጃኬት እንደሚደረብ አትርሱ።

ከመለኪያው በላይ ግን መስታወት ይናገራል። ባዶውን ጠመንጃ ይዛችሁ፣ መስታወት ውስጥ ያለችውን የራሳችሁን ዓይን እያያችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ትከሻ አምጡትና ክፈቱ። ዓይናችሁ በቀጥታ ከዘንጉ በላይ፣ መሃል ላይ ቁጭ ካለች ልኩ ነው። ወደ ጎን ካጋደለች ሰደፉ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መታጠፍ አለበት። ጥሩ ጠመንጃ ጠጋኝ የዎልነት ሰደፍ በሙቀት ያጥፋል፤ ማሳጠርና ማስረዘምም ቀላል ሥራ ነው። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራም ቀድማችሁ ፈትሹ፤ ጎን ለጎን በርሜል ሰፊ ስለሆነ፣ በቀኝ ትከሻ እየተኮሰ ግራ ዓይኑ የሚመራ ሰው ከሌላው ጠመንጃ ይልቅ በዚህኛው ይቸገራል።

ሌላም አለ። ጎን ለጎን የተጣበቁ በርሜሎች ሲተኮስ ጫፋቸው በትንሹ ወደ ታች ይታጠፋል። እየወጣ የሚሄድ ኢላማ ለሚበዛበት ትራፕ በመጠኑ ወደ ላይ የሚመታ ጠመንጃ ስለሚፈለግ፣ ይህ ጠመንጃ እዚያ ሁልጊዜ ያንሳል። ቦታው ስፖርቲንግ ክሌይና ስኪት ነው።

ስለ በርሜሎቹ ስምምነት ሻጮች ብዙ አይናገሩም። ሁለቱ በርሜሎች የሚበየዱት ጫፋቸው በትንሹ ተቀራርቦ ነው፤ ሲተኮስ ጠመንጃው በቀኙ በርሜል ወደ ቀኝ፣ በግራው ወደ ግራ ስለሚሸሽ፣ ያ መቀራረብ ካልተመጣጠነ ሁለቱ በተለያየ ቦታ ይመታሉ። ርካሽ ጠመንጃ ካሉበት ጉድለቶች ይህ ዋነኛው ነው፤ በዓይን አይታይም። መፈተኑ ግን ከባድ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ወረቀቶች መሃላቸው ላይ ነጥብ አድርጉ። ከ25 ሜትር ላይ፣ ክርናችሁን አስደግፋችሁ፣ ሦስት ጥይት በቀኙ በርሜል በአንደኛው፣ ሦስት በግራው በሁለተኛው ወረቀት ላይ ተኩሱ። የእያንዳንዱን ስርጭት መሃል በዓይን ግመቱና ወረቀቶቹን ደርቡ። መሃሎቹ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ መልሱት። ይህን ለማስተካከል ብየዳውን ፈትቶ እንደገና መበየድ ይጠይቃል፤ ዋጋው ከርካሽ ጠመንጃ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ተኩሼ ካልተስማማኝ እመልሳለሁ» የሚለውን በጽሑፍ ያዙ።

ሁለት ምላጭ ወይስ አንድ? እኔ ለበጀት ገዢ ሁለት ምላጭ እላለሁ። ፊተኛው ቀኙን፣ ኋለኛው ግራውን በርሜል ይተኩሳል፤ እያንዳንዱ የራሱ መሣሪያ ስላለው የሚበላሽ ነገር ጥቂት ነው። ነጠላ ምላጭ ያላቸው ብዙዎቹ ሁለተኛውን ተኩስ የሚያዘጋጁት በመጀመሪያው ምት ጉልበት ነው፤ የመጀመሪያው ጥይት ከከሸፈ ሁለተኛው አይተኮስም፣ በጣም ቀላል ጥይት በከባድ ጠመንጃ ሲተኮስም ሊሰናከሉ ይችላሉ። ተበላሽቶ ሁለቱን በርሜል በአንዴ የሚተኩስም ያጋጥማል፤ ይህ ጥገናው ውድ ነው። ወደ ኋለኛው ምላጭ እጅን ማንሸራተት በጥቂት ዙር ይለመዳል፤ ቀጥ ያለው የእንግሊዝ ሰደፍ አንገት የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ቀለህ የሚወረውር ኢጀክተር ለክሌይ ትርፍ ነገር ነው። አብዛኛው ተኳሽ ቀለሁን መልሶ ይለቅማል፤ በትንሹ ገፍቶ የሚያወጣው ቀላሉ ዓይነት ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሴፍቲው ግን ልብ ይባል፦ ብዙ ባለ ሁለት አፎች በተከፈቱ ቁጥር ሴፍቲያቸው በራሱ ይቆለፋል። «ፑል» (ኢላማው ይወርወር) ብላችሁ ምላጩ ድንጋይ ሲሆንባችሁ አንድ ኢላማ ሄደ ማለት ነው። ጠጋኝ በቀላሉ በእጅ ብቻ የሚቆለፍ ያደርገዋል።

አሮጌ ጠመንጃ ስትፈትሹ የፊቱን የእጅ መያዣ እንጨት አውልቁና፣ ሰደፉን ጨብጣችሁ በርሜሎቹን ወደ ጎን አወዛውዙ። የሚንቀጫቀጥ ከሆነ ማጠፊያው አልቋል። የላይኛው መክፈቻ ጠመንጃው ሲዘጋ ከመሃል ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ገና ዕድሜ አለው፤ ከመሃል አልፎ ወደ ግራ ከሄደ መቆለፊያው ተበልቷል። በርሜሎቹን ነቅላችሁ በማጠፊያ ጥርሳቸው በጣት አንጠልጥሉና በጣት አንጓ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉ፦ እንደ ደወል ከጠራ ብየዳው ደህና ነው፤ ዝንብ እንደገባበት ከተንዘረዘረ ዘንጉ ላልቷል። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ። ክብ ጥላ ካያችሁ እብጠት ወይም ስርጉደት ነው፤ እብጠት ካለ ተዉት። የበርሜሉ ግድግዳ በጣም ቀጭኑ ቦታ ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር (0.020 ኢንች) ካልሞላ አትግዙ፤ ይህን በልዩ መለኪያ ጠጋኝ ይለካዋል። ጥርሳቸው የተበላ ብሎኖች ማንም ሰው ቤቱ እንደፈታታው ይናገራሉ። ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ስንጥቅ ፈልጉ፤ በተለይ ኤል ሲ ስሚዝ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ከጎን ሳህኖቹ ኋላ መሰንጠቅ ልማዱ ነው።

የጥይት መጉረሻው ርዝመት ግን የደኅንነት ጉዳይ ነውና ቆም ብለን እንየው። አሮጌ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ 65 ሚሊ ሜትር (2 ½ ኢንች) ናቸው፤ አሮጌ የአሜሪካኖቹም ብዙ ጊዜ ከዛሬው 70 ሚሊ ሜትር (2 ¾ ኢንች) ያጥራሉ። አደገኛው ነገር የዛሬው ጥይት ያለ ችግር መግባቱ ነው። በጥይት ሳጥን ላይ የተጻፈው ርዝመት ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ ተዘርግቶ የሚኖረው ነው፤ ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ አጭር ነው። ሲተኮስ አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ካጣ መተላለፊያውን ያጠብበዋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ መጉረሻው ሳይለካ አንድም ጥይት አይተኮስ። ከ1908 እስከ 1926 የተሠራው ኢታካ ፍሉስ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ደግሞ አካሉ ስስ ነው፤ በከባድ ጥይት የመሰንጠቅ ታሪክ ስላለው ለክሌይ አይመከርም።

ቾክ (የበርሜሉ ጫፍ ጥበት) ላይ ብዙ አትጨነቁ። ለስፖርቲንግ ክሌይ አንዱ በርሜል 0.25፣ ሌላው 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥበት ቢኖረው ይበቃል፤ ለስኪት ከዚያም ይስፋ። አሮጌዎቹ ከመጠን በላይ ጠባብ ስለሆኑ ጠጋኝ ያሰፋቸዋል። ማስፋት ቀላል ነው፤ ማጥበብ ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። የእርሳሱ ፍሬ መጠን ቁጥር 8 ወይም 7 ½ ይሁን።

በአሜሪካ ገበያ የትኞቹን ልፈልግ ለሚል፦ ከአዲሶቹ በቱርክ ሁግሉ የሚሠራው ሲ ዜድ ቦብዋይት ጂ 2 ሁለት ምላጭ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ 28 ኢንች በርሜልና የሚቀያየሩ 5 ቾኮች አሉት፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አዲስ በዚህ ደረጃ አይታየኝም። የብራዚሉ ስቶገር አፕላንደር ይረክሳል፤ ምላጩና መክፈቻው ግን ደረቅ ነው፣ የበርሜሎቹን ስምምነት ሳትፈትኑ አትውሰዱት። ያገለገሉትን ለማይፈራ ሰው የጃፓኖቹ ኤስ ኬ ቢ 100 እና 200፣ እንዲሁም ሚሮኩ የሠራው ብራውኒንግ ቢ ኤስ ኤስ ይሻሉታል። በተለይ ቢ ኤስ ኤስ አዳኞች «ከበደን» ብለው የሚሸጡት ነው፤ ለእኛ ያ ክብደት ጥቅም ነው። የስፔኗ ኤይባር ከተማ ያፈራቻቸው «አያ» እና «ኡጋርቴቼያ» የተባሉትም ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቀላል ስለሆኑ ሚዛን ላይ ሳታስቀምጡ አትስማሙ። ስቲቨንስ 311 ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ እንጨት ግንድ ይንቀሳቀሳል።

ለመሞከር ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ሴንተርቪል ቨርጂኒያ ያለው የቡል ረን ተኩስ ማዕከል፣ ሜሪላንድ ላይም ግሌን ዴል ያለው የፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ትራፕና ስኪት ማዕከል ቅርብ ናቸው። ከአከፋፋይ ሱቅ ሾትጋን ለመግዛት በፌዴራል ሕግ 18 ዓመት መሙላትና ቅጽ 4473 መሙላት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ ተከልክሏል፣ ጥቂት የተወሰኑ ፈቃዶች ካልኖሩት በስተቀር። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ተጨማሪ ሕግ አላቸው።

ከጠመንጃው ጋር ሁለት የልምምድ ባዶ ጥይት፣ ለግራ እጅ በርሜሉ ላይ የሚገባ የቆዳ መከላከያ (25 ጥይት በተከታታይ ሲተኮስ በርሜሉ ያቃጥላል) እና ትንሽ ግሪስ ግዙ። ግሪሱ ለማጠፊያው ፒን ብቻ ነው፤ በስሱ ቀቡት፣ አቧራ ሲይዝ ጥረጉና አዲስ ቀቡ። መሣሪያው ውስጥ ዘይት አታፍሱ፤ ጠመንጃው ሰደፉ ወደ ታች ሆኖ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ እንጨቱ ራስ ይወርድና ያላላዋል።