የኢየሩሳሌም ፎቶዎቻችንን የት የት እንዳስቀመጥኋቸው

እናቴን ይዤ ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ስዘጋጅ ከማደሪያውና ከስንቁ ይልቅ ያሳሰበኝ የምናነሣቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ጉዳይ ነበር። እናቴ ይህን ጉዞ ለብዙ ዘመን ስትመኘው ኖራለች፤ ዳግመኛ እሄዳለሁ ብላም አታስብም። ስልክ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ በጎልጎታ ደጅ የተነሣችው ፎቶ ከጠፋ ግን ምትክ የለውም።

ለራሴ ያወጣሁት መመዘኛ አንድ ብቻ ነው። አንዱን ቅጂ ያጠፋው ነገር ሌላውንም አብሮ ሊያጠፋው የሚችል ከሆነ፣ ሁለቱን እንደ አንድ እቆጥራቸዋለሁ። ፎቶ አንሺዎች ዘንድ አሜሪካዊው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጥ፣ አንዱም ከሌሎቹ ርቆ በሌላ ቦታ ይዋል ይላል። መንገደኛ ቁጥሩን ለመሙላት ብዙ አይቸገርም፤ የሚያስቸግረው ማራራቁ ነው፣ ምክንያቱም ያለው ንብረት ሁሉ በአንድ ሻንጣና በአንድ ኪስ ውስጥ ነው።

ቅጂዎችን ከማራራቅ በፊት ደግሞ የሚቀዳውን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። በቀዳም ሥዑር ምሽት፣ በቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ ላይ በሚገኘው በዴር ሡልጣን ገዳማችን፣ ካህናቱና መነኮሳቱ በከበሮና በዝማሬ፣ ምእመናኑም ጧፍ ይዘው ጉልላቱን ሲዞሩ፣ መቅረጽ ጀምሮ መሐል ላይ ማቆም ለማንም ይከብዳል። በእኔ አይፎን 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት ቪዲዮ በሴኮንድ 30 ምስል ሲቀረጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ከ10 ጊጋባይት ያልፋል ማለት ነው። 1080 ወደሚባለው ጥራት ዝቅ ሲደረግ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ስለዚህ ረጅሙን ሥርዓት በ1080፣ አጫጭሮቹን ደግሞ በ4ኬ ቀረጽሁ። ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው 1080 ከበቂ በላይ ነው፤ ሁሉን በ4ኬ ካልቀረጽሁ የሚሉትን አይቼ እነዚያን ሁሉ ቀረጻዎች ማታ ወደ ኢንተርኔት በምን ሊጭኗቸው እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ማደሪያችን ዋይፋይ ነበረው፤ ነገር ግን መንገደኛ ሊለካው የሚገባው የማውረጃውን ሳይሆን የመጫኛውን ፍጥነት ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) በሚጭን መስመር 10 ጊጋባይት ለመላክ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ሌሎቹ ተሳላሚዎች በዚያው ሰዓት ለቤተሰቦቻቸው ካልደወሉ ነው። በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ባለው ማስቀመጫ፣ የሚሰጠው ነጻ ቦታም ጠባብ ነው። ጉግል ያለ ገደብ በነጻ ማስቀመጥን እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ ስላስቀረ 15 ጊጋባይቱን ኢሜይሉም ፎቶውም ይጋሩታል፤ የአፕል ክላውድ የሆነው የአይክላውድ ነጻ ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ክላውድ የምልከው ፎቶዎቹንና የመረጥኋቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች ነበር፤ ረጃጅሞቹን በየማታው ወደ ሁለት ፍላሾች እገለብጣለሁ። ፍላሾቹን ከመነሣቴ በፊት ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጌያቸዋለሁ፤ ፋት32 በሚባለው በቀድሞው አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልምና። ከገለበጥሁም በኋላ ፋይሉን ከዚያው ከፍላሹ ከፍቼ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን እመለከታለሁ። አንደኛው ፍላሽ በሻንጣዬ፣ ሁለተኛው በእናቴ የአንገት ቦርሳ ውስጥ ይውላል።

አብረውን ከተጓዙት መካከል ጋሼ የምላቸው አንድ አዛውንት ከቤተልሔም በተመለስንበት ማታ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ፎቶው ክላውድ ላይ ገብቷል ብዬ ከስልኩ ባጠፋው ከዚያም ጠፋ» አሉኝ። ስልካቸው አይፎን ነው፤ አይክላውድ ፎቶውን ከሁሉም መሣሪያ ጋር እኩል ያደርጋል እንጂ ለብቻው አያስቀምጥም፤ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ይሰረዛል። ደግነቱ የተሰረዘው ለ30 ቀን ያህል ለብቻው ተለይቶ ስለሚቆይ ሁሉንም መለስንላቸው። ይህን አገልግሎት አላጣጥልም፤ ስልክ ለተሰረቀበት ሰው ትልቅ መድኅን ነው። በእኔ መመዘኛ ግን የገዛ ጣት ስሕተት ስልኩንም ክላውዱንም በአንድ ጊዜ ስለሚነካቸው፣ በዚህ በኩል ሁለቱ አንድ ቅጂ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም መያያዣ አለ። ስልኬ ከአገር ውጭ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ወደ ጉግል አካውንቴ ልግባ ስል ማረጋገጫ ኮድ እጠየቃለሁ፤ ኮዱ የሚላከው ደግሞ ከስልኩ ጋር ወደ ጠፋው ሲም ነው። ምትክ ሲም አዲስ አበባ ተመልሼ እስካወጣ ድረስ ክላውድ ላይ ያለው ፎቶ አለ ቢባልም አላገኘውም። ጉግል ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆኑ አሥር መጠባበቂያ ኮዶች አስቀድሞ ይሰጣል፤ እነርሱን በወረቀት ጽፌ እናቴ የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ እንድታስቀምጥልኝ ሰጠኋት። ምን እንደሆኑ ብነግራትም ብዙ አልገባትም፤ ወረቀቱን ግን ከእኔ በተሻለ እንደምትጠብቀው አልተጠራጠርሁም።

ቴሌግራምን እንደ ማስቀመጫ የሚጠቀሙ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔም ለእኅቴ በየማታው ጥቂት ፎቶ እልክ ነበር። ፎቶውን እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል፣ በነጻው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ይሄዳል። እኅቴ የላክሁላትን ወዲያው ወደ ቤት ኮምፒውተር ታወርደዋለች። ስለዚህ ከሁሉም ቅጂዎች በጣም ርቆ የነበረው አዲስ አበባ ያለው ነው፤ ትንሹም እርሱ ነው፣ ግን ሁሉ ቢጠፋ የሚተርፈውን የመረጥሁት በዚያ ስለሆነ በየማታው የምልከውን ስመርጥ ብዙ ጊዜ እወስድ ነበር።

እናቴ ስለ ፍላሹም ስለ ክላውዱም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችኝም። አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈን ሳለ «የዮርዳኖሱን አሳጥብልኝ፣ ለማኅበርተኞቼ ለእያንዳንዳቸው ይደርሳቸው» አለችኝ። የጽዋ ማኅበሯ አባላት ቤታቸው በአዲስ አበባ የተለያየ ሰፈር ነው፤ የዮርዳኖሱን ፎቶ ለሁሉም በሚበቃ ቁጥር ላሳጥብ ነው።