ለጠበቃ ባለቤቴ ኢ-ሪደር ወይስ ታብሌት? ሁለቱንም ከገዛሁ በኋላ የምለው

ኢ-ሪደር (ለንባብ ብቻ የተሠራው መሣሪያ) ይሻላል ወይስ ታብሌት ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው አንድ ዓይነት አንባቢን አስቦ የሚሰጥ ነው። ያ አንባቢ ከመኝታ በፊት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚያነብ፣ መጽሐፉን በባንክ ካርዱ ከኢንተርኔት የሚገዛ፣ የሚያነብበት ፊደልም መሣሪያው ላይ ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣለት ሰው ነው። የእኔ ባለቤት ግን አዲስ አበባ የሚሠራ ጠበቃ ነው፤ ቀን ችሎት ውሎ ማታ የሚያነበው ነጋሪት ጋዜጣ፣ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔና የደንበኞቹን ውል ነው። ይህ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ አንድም ሰው ስላልነበረ፣ ቢያንስ ከእኔ በኋላ የሚገዛ ሰው ይወቀው ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የተነሣው ከዓይኑ ነው። ዕድሜው ገፋ ሲል የቅርብ ጽሑፍ ያስቸግረው ጀመር፤ የዓይን ሐኪምም የማንበቢያ መነጽር አዘዘለት። እሱ ግን ጥፋቱ ሁሉ የላፕቶፑ ብርሃን ነው ብሎ ስላመነ፣ ያገኘውን ሁሉ ፎቶ ኮፒ ቤት እየወሰደ ማሳተም ያዘ። ኮሪደራችን የወረቀት መጋዘን ሲሆን፣ የሚሆነውን መሣሪያ ልግዛለት ብዬ ተነሣሁ። የጠየቅኋቸው ሁሉ፣ ውጭ አገር ያለችው እህቱም ጭምር፣ በአንድ ድምፅ የአማዞንን ኢ-ሪደር ጠቅሰው «ኪንድል ግዢለት» አሉኝ።

ያቀረቡት ምክንያት እውነት ነበር፤ አሁንም አልክደውም። የኢ-ሪደር ስክሪን የሚሠራው ኢ-ኢንክ በሚባለው ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሱ ፊደሉን ይሠራሉ። ስክሪኑ እንደ ወረቀት የአካባቢውን ብርሃን የሚያንጸባርቅ ነው፤ ለጨለማ የተሠራለት መብራትም ከጠርዙ ተነሥቶ ገጹ ላይ ያርፋል እንጂ እንደ ታብሌት ከበስተኋላ ወደ ዓይን አይመጣም። ኃይል የሚፈልገው በዋናነት ገጽ በተገለጠ ቁጥር ስለሆነ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት ይቆያል፤ መብራት እየመጣ በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ግዢው ራሱ ምንም አላስቸገረኝም። ክፍያውን እህቱ ባለችበት አገር ፈጸመችልን፣ ወደዚህ የሚመጣ ዘመድ በእጅ ሻንጣው ይዞት ገባ፣ ኤርፖርት ላይም ማንም ምንም አላለውም። ባለ 6 ኢንች ነው። ችግሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ ስላልሆነ የምርቱን ስም አልጠራም።

ጣጣው የጀመረው የመጀመሪያውን ፋይል ስንጭን ነው። ባለቤቴ በየቀኑ የሚጠቅሰውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በዎርድ የተተየበ ቅጂ ነበረውና እሱን አስገባንበት። ገጹ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ተደረደሩ፤ ከመካከላቸው የሚነበበው «1156/2011» የሚለው ቁጥርና የንዑስ አንቀጾቹ አኃዝ ብቻ ነበር። አራት ነጥቡ እንኳ ሳጥን ሆኗል። ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ።

ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዲመለስ፣ ማለትም የተጫነበት ሁሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ እንዲጀምር፣ የሚያዝና «ቋንቋዎ ከምንደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ የለም» የሚል ነበር። ቋንቋው ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለሱ ምን እንደሚፈይድ ብጠይቅ፣ ያንኑ መልስ በሌላ ሠራተኛ ስም ላኩልኝ። የሚያናድደኝ አማርኛ አለመደገፋቸው አይደለም። የሚያናድደኝ መፍትሔው በእጃቸው እያለ፣ ያውም በራሳቸው መሣሪያ ውስጥ እያለ፣ አንድም ሰው አለመጥቀሱ ነው።

ቀጥዬ ወደ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ወሰድኩት። እዚያ ያገኘሁት ወጣት ዕቃውን አገላብጦ አየና «ማዘር፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ አማርኛ እንጭንበታለን፤ ነገ ይምጡ» አለኝ። በማግሥቱ ስሄድ አልደረሰም፤ ከዚያም ወዲያ «ዛሬ ማታ» ሲሉኝ ሰነበቱ። በመጨረሻ ሲያስረክቡኝ ሳጥኖቹ እንዳሉ ናቸው፤ እህቱ የጫነችለት የእንግሊዝኛ የሕግ መጻሕፍት ግን አንድም ሳይቀር ጠፍተዋል። ምን አድርጋችሁት ነው ብል «ሶፍትዌሩ ኦሪጅናል አይደለም» አሉኝ፤ ይህን የሚሉኝ ከአምራቹ በቀጥታ ተገዝቶ ከነማሸጊያው የመጣን ዕቃ ነው። የሠሩትም አምራቹ በነጻ የመከረኝን ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሰውታል፤ እኔ ግን ገንዘብ ከፈልኩበት። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልኩ። ባለቤቴ የጠበቃ ደብዳቤ ልጻፍላቸው ወይ ብሎ ሲያሾፍብኝ እስካሁን አለ።

እነዚህ ሁሉ ያልነገሩኝ ነገር ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው የእያንዳንዱን ፊደል መለያ ቁጥር ይቀበላል፤ የጎደለው መልኩን የሚሥልበት ፎንት ብቻ ነው። ኪንድል ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ፣ ኮቦ የሚባለው ሌላው ኢ-ሪደር ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ፣ ተጠቃሚው የራሱን ፎንት እንዲጨምር ይፈቅዳሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነጻ የሚገኙ ናቸው። መሣሪያውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ «fonts» (ፎንትስ) በሚለው ፎልደር ውስጥ ፋይሉን መገልበጥ፣ ፎልደሩ ከሌለ መፍጠር፣ ከዚያም መጽሐፉን ከፍቶ ከፊደል ምርጫው ላይ እሱን መምረጥ ብቻ ነው። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነበር። የጥገና ቤቱ «ባለሙያ» ያልቻለውን እኔ የሒሳብ ሠራተኛዋ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠራሁት፤ በዚህ ብኮራ አይፈረድብኝም። የሚቀረው እንከን የመጻሕፍቱ ርዕስ በዝርዝሩ ላይ አሁንም ሳጥን ሆኖ መታየቱ ነው፤ እኔ የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደል እየጻፍኩ አልፌዋለሁ። ምክሬ የአምራቹን መመሪያ የሚቃረን ቢሆንም፣ ፎንት ሳትሞክሩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው አትመልሱት፤ ለሰውም አሳልፋችሁ አትስጡት።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው ዋናው ችግር ራሱን የገለጠው፤ ይህኛው ደግሞ በፎንት የሚፈታ አይደለም። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በኤ4 ወረቀት ልክ፣ አማርኛው በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ፣ በሁለት ዓምድ የሚታተም ነው። ፒዲኤፍ ሆኖ ሲመጣ ገጹ እንደተሠራ ይቆያል፤ ኢ-ፐብ በሚባለው የፋይል ዓይነት እንደተዘጋጀ መጽሐፍ ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ አብሮ አይታጠፍም። የኤ4 ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የባለ 6 ኢንቹ ስክሪን ስፋት ከ9 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በ10 ነጥብ (ፖይንት) መጠን የተተየበው ፊደል ወደ 4 ነጥብ ገደማ ይወርዳል። በዚህ መጠን የአማርኛ ፊደል ካዕቡ ከሣልሱ፣ ግዕዙ ከሳድሱ አይለይም፤ «ይከፍላል» የሚለውን ከ«ይከፈላል» መለየት ካቃተው ጠበቃ ደግሞ ደንበኛው ይራቅ። አጉልቼ ላንብ ሲል ገጹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መጎተት ነው፤ ኢ-ኢንክ ስክሪን በባሕርዩ ቀርፋፋ ስለሆነ በጎተተው ቁጥር ብልጭ ድርግም እያለ ይቆያል።

እንቀይረው ብለን ካሊበር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሞከርን። እዚህም ሦስት ዓይነት ፋይል እንዳለ ተማርኩ። በዩኒኮድ የተተየበው ከነእንከኑም ቢሆን ይቀየራል። ቀደም ባሉት ዓመታት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበው ግን በዓይን ሲታይ ጥሩ አማርኛ ይምሰል እንጂ፣ ውስጡ የላቲን ፊደላት ኮድ ስለሆነ ሲቀየር ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይወጣል። ሦስተኛው ስካን የተደረገው ሲሆን፣ እሱ ፎቶግራፍ ስለሆነ የሚቀየር ጽሑፍ የለውም። አንዳንዱ ስካን ገጹ ተንጋዶ፣ አንዳንዱም የስካን አድራጊው አውራ ጣት አንቀጹን ሸፍኖ የሚገኝ ነው። ሕግን ያህል ነገር ለሕዝብ የሚያሰራጭ ሰው ገጹን ቀና ማድረግ እንዴት ይከብደዋል?

ገጹን በምስልነቱ እየቆረጠ ለትንሽ ስክሪን የሚያስተካክል ፕሮግራምም አገኘሁ። ሁለቱን ዓምድ ለይቶ ግራውን ካስቀደመ በኋላ ቀኙን ያስከትላል። ውጤቱ የሚነበብ ሆነ፤ ነገር ግን አንድ አንቀጽ በአማርኛ ተጀምሮ ገጹ ሲያልቅ ይቋረጥና ያንኑ በእንግሊዝኛ ደግሞ ካስነበበ በኋላ ነው የአማርኛው ቀሪ የሚመጣው። የቀኙን ግማሽ በሙሉ ቆርጬ አማርኛውን ብቻ ባወጣለት ይበቃዋል ብዬ ነበር፤ የአዋጅ ቁጥር 3/1987 ድንጋጌም ሁለቱ ሲለያዩ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው ይላል። ባለቤቴ ግን የእንግሊዝኛውን አገላለጽ ጎን ለጎን ሳያመሳክር አንድ አንቀጽ አይሻገርም። ጎን ለጎን ለማመሳከር ደግሞ ሰፊ ስክሪን እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም።

ታብሌቱን የገዛሁት እዚሁ ከተማ ነው፤ ይህን ግዢ በጣም አልተረክበትም። ባለ 11 ኢንች ነው። ከኢንቹ ይልቅ የስክሪኑ ቅርጽ ላይ ተጨነቁ፤ 4 ለ 3 የሆነው ለኤ4 ገጽ ይስማማል፣ ለፊልም የተሠራው ረዘም ያለው ግን ጠርዙን በከንቱ ያባክናል። በዚህ መጠን ገጹ በ20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚያንሰው። ሲም ካርድ የማይቀበለውን መረጥኩ፤ ደንበኛ በዚያ በኩል ደግሞ እንዳይደውልለት። ብዕር ያለው መሆኑም ጠቅሞታል፤ በቀይ ያሰምርበታል። ቴሌግራም አትጫኑበት የሚለውን የተለመደ ምክር ግን አልተቀበልኩም፤ እዚህ አገር አዋጁም ረቂቁም የሚደርሰው በቴሌግራም ነውና ጭነንለት ማሳወቂያውን ዘጋን። በነገራችን ላይ ሕጎች በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ጥበቃ አይደረግላቸውም፤ እዚያው የሚዘዋወረው ስካን የተደረገ ልብ ወለድ ግን ባለቤት ስላለው ባለቤቴ አያወርድም፣ እኔንም ይቆጣኛል።

ስለ ዓይን ደግሞ የሰማያዊ ብርሃን መነጽርም ሆነ ማጣሪያ አትግዙ። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ ራሱ ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይን ይጎዳል ለሚለው ማስረጃ የለም ይላል፤ ዓይን የሚደክመው ስክሪን ላይ አፍጥጠን ስንቆይ እንደወትሮው ስለማናርገበግብ ነው። የባለቤቴን ቅሬታ ያስቀረው ብርሃኑን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ማመጣጠኑ፣ ፊደሉን ማተለቁና ከሁሉም በላይ ሐኪሙ ያዘዘለትን መነጽር በእርግጥ ማድረጉ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቢያደርግ ኖሮ ኮሪደራችን ባዶ ይሆን ነበር።

የትዳር ጓደኛችሁ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወይም በዩኒኮድ የተዘጋጀ የአማርኛ ኢ-ፐብ የሚያነብ ከሆነ ግን ትንሿን ኢ-ሪደር ያለማመንታት ግዙለት፤ እኔ አሁን የምጠቀምባት በዚያ መንገድ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ በዚህ ሳምንት የከፈታቸውን ፋይሎች በፍላሽ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና እዚያው አስከፍቷቸው፤ ሻጩ አይሆንም ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ። እንደ ቡክስ ያሉ አንድሮይድ የሚጠቀሙ ትልልቅ ኢ-ሪደሮችም አሉ፤ ባለ 13.3 ኢንቹ ከኤ4 ጋር ለመተካከል ምንም አይቀረውም፤ ዋጋው ግን ከብዙ ታብሌቶች ይበልጣል። ባለቤቴ ይህን ከሰማ ወዲህ «ለዓይኔ ይሻለኝ ነበር» ማለት ጀምሯል፤ እሱን እንኳ ከጥብቅና አበሉ ራሱ ይግዛው።