«ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል ሞተሪኖ፦ ሳላወርደው የለካሁት፣ ካወረድኩት በኋላ የቀየርኩት

መኪናው እንደ ፈረንጆች በ1990 የተሠራ ኮሮላ ነው፤ 1.3 ሊትር፣ ካርቡሬተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) የዴንሶ ሥሪት ሆኖ ፍጥነቱን በጥርስ ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ዓይነት ነው፣ 1 ኪሎዋት። የዚያ ዘመን ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ላይ ያለውም በመጠን ይበልጥ እንደሆነ እንጂ ውስጡ አንድ ነው።

ምልክቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቁልፉ ሲዞር አንድ ጠንካራ «ቀጭ»፣ ከዚያ ዝም። አምስት ስድስቴ ሲሞከር ድንገት ይነሳል። ሲነሳም ሞተሩን የሚያዞረው እየከበደው ነው፣ በተለይ በጠዋት ብርድ። ሁለቱ ምልክቶች የአንድ ብልሽት ይመስላሉ፤ ሲለካ ግን ሁለት ለየቅል የሆኑ ጥፋቶች ነበሩ። በቀጥታ ሞተሪኖውን አውርጄ ቢሆን ኖሮ አንዱን አስተካክዬ ሌላውን መኪናው ላይ እተወው ነበር።

የመፍቻ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት የፊት መብራት አብርቼ፣ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጌ መብራቱን አየሁ። ይህች ነገር ገንዘብ አትጠይቅም፣ ግማሹን መልስ ግን ትሰጣለች። «ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ» እያለ ሲደጋግምና መብራቱ አብሮ ሲደበዝዝ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞርሴቶው (ሽቦውን ባትሪው ላይ የሚይዘው ማሰሪያ) ላልቷል፤ ሶሌኖይዱ (በከረንት ስቦ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ብዙ ከረንት የሚያገናኘው ማብሪያ) ይስባል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይስባል። አንድ «ቀጭ» ብሎ መብራቱ ድርግም ሊል ከደረሰ ከረንቱ እየሄደ ነው፣ የሚዞረው ነገር ግን ተይዟል ወይም የሞተሪኖው የሽቦ ጠመዝማዛ ተቃጥሎ ሾርት ሆኗል። ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ 50 ወደሚባለው፣ ሶሌኖይዱን ወደሚያዘው ቀጭን ሽቦ የሚመጣው ትእዛዝ ላይ ነው፦ የቁልፉ ኮንታክት፣ ሪሌው፣ በአውቶማቲክ ደግሞ የማርሽ ማብሪያው። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ከዞረና ሞተሩን ካልያዘ ቤንዲክሱን፣ ወጥቶ የሞተሩን ጥርስ የሚይዘውን ማርሽ፣ ተመልከቱ።

የእኔው አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ነበር፣ መብራቱም ያው ነው፣ አልደበዘዘም። ይህ ማለት ሶሌኖይዱ ስቧል፣ ከባትሪው ግን ብዙ ከረንት አልወጣም፤ መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ተዘግቷል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሶሌኖይዱ መሳቢያ ጠመዝማዛ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰውን መንገድ) የሚያገኘው በራሱ በሞተሪኖው ካርቦኖች (እየታሹ ለሚዞረው ክፍል ከረንት የሚያቀብሉት) በኩል ነው። ስለዚህ «ቀጩ» ጠንካራ ከሆነ ካርቦኖቹ ቢያንስ በከፊል ያገናኛሉ። ካርቦን ሲያልቅ «ቀጩ» ይለሰልሳል ወይም ጭራሹን ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ቴስተር፣ ወደ ቮልት መለኪያው፣ ሄድኩ። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን፣ የኮይሉን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን) ሶኬት ነቀልኩ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ይዞር ዘንድ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አላዞርም፣ በየመሀሉም ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አሳርፋለሁ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ሞተሪኖው ጋ ያለውን ወፍራም ሽቦ ሳያዞሩ ይለኩና 12.5 ሲያሳይ «ሽቦው ደህና ነው» ይላሉ። ቴስተር የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም፤ ሽቦው ተበልቶ አንዲት ክር ብትቀረው እንኳ 12.5 ያሳያችኋል። ሞተሪኖ ግን የዚህን ያህል ሞተር ሲያዞር ከ100 እስከ 200 አምፒር ይጠይቃል። 150 አምፒር የአንድ ኦም መቶኛ በሆነ ዝገት ውስጥ ሲያልፍ 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሚለካው እየዞረ እያለ ነው።

መዞር እሺ ባለኝ ሰዓት ያገኘሁት ይህ ነው። ባትሪው በእረፍት 12.5፣ እየዞረ 10.6፤ ሞተሪኖ እየዞረ ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው አይታማም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው 30 ቡሎን (የባትሪው ወፍራም ሽቦ የሚታሰርበት) 0.3 ቮልት፤ እስከ 0.5 ይታለፋል። ከባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ገላ 1.1 ቮልት። እዚህ ላይ ከ0.2 ወይም 0.3 ማለፍ የለበትም። ከባትሪው የወጣው 10.6 ሞተሪኖው ዘንድ ሲደርስ 9.2 ብቻ ነበር ማለት ነው። የቴስተሩ ጫፍ ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን በቀጥታ የባትሪው እርሳስ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን ዝገት ዘላችሁት ታልፋላችሁ።

ካምቢዮው ላይ የሚታሰረውን የማሳ ሽቦ ስፈታ ቀለበቱ ሥር ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ነበር። ፕላስቲኩን ትንሽ ስልጠው መዳቡ ወደ ውስጥ ጠቁሮ፣ ስታጥፈው እንደ ደረቅ ሣር የሚሰበር ሆኗል። እንዲህ ያለውን ጫፉን ማጽዳት ዋጋ የለውም። በ35 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቀየርኩት፤ ጫፉ በማተሚያ የተጨመቀ ቀለበት ነው፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ አይደለም። የሚያርፍበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩ፣ አጠበቅኩ፣ ቫዝሊኑን ካጠበቅኩ በኋላ ከላይ ቀባሁ። 1.1 የነበረው 0.15 ሆነ፣ አዟዟሩም ወዲያው ቀለለ።

«ቀጩ» ግን አልሄደም። ቴስተሩን በሶሌኖይዱ ሁለት ወፍራም ቡሎኖች መካከል አደረግኩ፦ አንዱ ከባትሪ የሚመጣው 30፣ ሌላው ወደ ሞተሪኖው ውስጥ የሚገባው። ኮንታክቱ ሲገጥም እዚያ መሀል የሚቀረው ከ0.2 ቮልት አይበልጥም። «ቀጭ» ብሎ ዝም ባለ ቁጥር 11.7 አየሁ። 50 ሽቦው ላይ ደግሞ 10.9 ይደርሳል፤ ከ8 በላይ ስለሆነ በቂ ነው። ከዚህ በኋላ ነው ማውረድ የተገባው።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ በ10 ቁልፍ ፈታሁ። ወደ 30 የሚሄደው ሽቦ ፊውዝ የለውም፤ ቁልፋችሁ ቡሎኑንና ገላውን በአንድ ጊዜ ከነካ እንደ ብየዳ ይይዛል። ከዚያ የ30ው ዳዶ፣ የ50ው ሶኬት፣ በመጨረሻም ሁለቱ የ14 ቡሎኖች። ከሥር የምትሠሩ ከሆነ ክሪክ ብቻ አትመኑ፣ ማስደገፊያ አስገቡ።

የሶሌኖይዱ ክዳን በሦስት ትንንሽ ቡሎኖች የታሰረ ነው። ሲከፈት ከነስፕሪንጉ አንድ የብረት ዘንግ ይወጣል፣ ፕላንጀር ይሉታል፤ አናቱ ላይ የመዳብ ቀለበት አለው። ያ ቀለበት ሁለቱን የመዳብ ኮንታክቶች ሲነካ ነው ከረንት የሚያልፈው። የእኔው በባትሪ በኩል ያለው ኮንታክት መሀሉ ላይ በጥፍር እንደተቦረቦረ ሳሙና ወደ 2 ሚሊሜትር ተበልቶ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር የቀለጠ ጠብታ ይዟል። ሌላኛው ገና ውፍረቱ አለ። ቀለበቱ እሱን ነክቶ ይቆማል፣ የተበላው ጋ አይደርስም። ደጋግመው ሲሞክሩ ድንገት የሚነሳውም በዚህ ነው፤ ፕላንጀሩ በሳበ ቁጥር በቦታው ጥቂት ይዞራል፣ ከፍ ያለ ጎኑ ሲመጣ ይገጥማል። በመዶሻ እጀታ ሲመቱት የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮንታክቱን በሞረድ አስተካክሎ መመለስ ብልሽቱን ያፋጥነዋል፤ የተበላውን ይበልጥ ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱን ኮንታክቶችና ፕላንጀሩን አብሬ ቀየርኩ። አሮጌውን ይዛችሁ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሂዱ፣ ቅርጹን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ ሁለቱ ኮንታክቶች እርስ በርሳቸው ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ትንሽ ማግኔትም ያዙ። ማግኔቱ ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ አትግዙት።

ሲገጠም ሁለት ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው እኩልነት ነው። የአዲሱን ቀለበት ፊት በማርከር ቀባሁ፣ ዳዶዎቹን ሳላጠብቅ ፕላንጀሩን በእጄ ተጫንኩት፣ ቀለሙ ሁለቱም ኮንታክቶች ላይ እኩል እስኪያርፍ አስተካከልኩና አጠበቅኩ። ከዚያ ቀለሙን በቤንዚን ጠረግኩት። ሁለተኛው የ30ው ቡሎን ከገላው የሚለየው ፕላስቲክና ራንዴላ ነው፤ አንዱ ከተረሳ ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ ከተሰነጠቀ ባትሪው በቀጥታ ከማሳ ጋር ይገናኛል። ከመግጠሜ በፊት በ30 ቡሎንና በገላው መካከል በኦም ለካሁ፤ ምንም ማሳየት የለበትም፣ አላሳየምም።

ከወረደ አይቀር ካርቦኖቹንም አየሁ። የዚህ ሞተሪኖ አዲስ ካርቦን 13.5 ሚሊሜትር ነው፣ 8.5 ሲደርስ ይቀየራል፤ የእኔው 11 ስለነበረ ተውኩት። ኮሌክተሩን (ካርቦኖቹ የሚታሹበትን የመዳብ ዙር) በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩ፣ በመዳቦቹ መካከል ያለው ቦይ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለውም አረጋገጥኩ። እናንተ የፊቱን ቤት ከሶሌኖይዱ የምትለዩ ከሆነ ቤንዲክሱ ዘንግ ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ አለች፣ የመካከለኛው ጥርስም ትንንሽ ሮለሮች አሉት። ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ ክፈቱ። ኳሷ ከጠፋች ፕላንጀሩ ቤንዲክሱን በሙሉ ልኩ አይገፋውም።

መኪናው ላይ ከመመለሱ በፊት መሬት ላይ ሞከርኩት፦ ገላው ወደ ኔጋቲቭ፣ 30 ወደ ፖዘቲቭ በወፍራም ሽቦ፣ ሞተሪኖውን በሞርሳ ይዤ 50ን ለአፍታ ነካሁ። ቤንዲክሱ ወጥቶ ያለመንተፋተፍ መዞር፣ 50 ሲለቀቅ ወዲያው መመለስ አለበት። የአምፒር መቆንጠጫ ካላችሁ ያለ ጭነት በ11.5 ቮልት ከ90 አምፒር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ቦኮላው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቶ የሚዞረው ከቤቱ ጋር እየታሸ ነው ወይም ጠመዝማዛው ውስጥ ሾርት አለ።

አንድ የጸጸተኝ ነገር አለ። ገና ስጀምር ሳልለካ የፖዘቲቩን ሞርሴቶ አጽድቼ ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ምን ያህል ቮልት ይቀር እንደነበረ እስካሁን አላውቅም። አሁን ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት እለካለሁ። ከተገጠመ በኋላ ያገኘኋቸውንም ቁጥሮች፣ እየዞረ ባትሪው 10.7፣ ፖዘቲቩ 0.3፣ ማሳው 0.15፣ ኮንታክቱ 0.1፣ ከነቀናቸው ጽፌ ኮፈኑ ሥር ለጥፌያቸዋለሁ።